እጇ ጆሮዋ ሳይደርስ

ሞጣ፣ የካቲት 6 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ቢቸና።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ለምስጋና የሚበቃ ጤና አለኝ፤ የሞጣም ውሃ ተስማምቶኛል።

«ፊደል ካላስቆጠርሽ ምን ልታስተምሪ ነው እዚያ የሄድሽው?» ብለው ለጻፉልኝ ቶሎ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ቃልዎ ከብዶኝ አይደለም፤ መልሱን መጀመሪያ ለራሴ ማግኘት ነበረብኝ።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት እህል ያስቀምጡበት የነበረውን ሰፊ ክፍል ሰጥተውኛል። ወለሉን ለቅልቄ ሰሌን አንጥፌበታለሁ። ጠዋት ጠዋት የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ይመጡልኛል፤ የካህናቱም ልጆች አሉ፣ የእስላም ነጋዴዎቹም አሉ። ሁሉም በመጪው መስከረም መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባሉ የተባሉ ናቸው። ከየኔታ ዘንድ ፊደል የጀመሩም አሉባቸው። እኔ የማስተምራቸው ከፊደሉ በፊት ያለውን ነው። የእናትን ቀሚስ መልቀቅ፣ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት፣ ሽንት ሲመጣ ሳያለቅሱ ማስፈቀድ፣ የጓደኛን ቆሎ ሳይነጥቁ አጠገቡ መቀመጥ። ይህ ትምህርት ነው ወይ ይሉኝ ይሆናል። አምና አንደኛ ክፍል ከገቡት ሕፃናት ብዙዎቹ ጥቅምት ሳይጋመስ ቀርተዋል። ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም አባባ፤ ፈርተው ነው።

ምዝገባ ላይ ዳይሬክተሩ አቶ ደምለው ልጁን ፊታቸው ያቆሙና «ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይሉታል። ጣቱ ከደረሰ ዕድሜው ደርሷል ማለት ነው፤ ካልደረሰ ለከርሞ ይባላል። ከዚያ ስሙንና የአባቱን ስም ይጠይቁታል። ልጆቼ ነገሩን ጨዋታ አድርገውት ቀኑን ሙሉ ጆሯቸውን ሲጎትቱ ይውላሉ።

አንዲት ልጅ ግን ታሳስበኛለች። ዘይዳ ትባላለች፤ የጨርቅ ነጋዴው የአቶ አብዱልዋሂድ ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ያሳደጓት አያቷ እማማ ዓሊማ ናቸው። እኔ ዘንድ ስትመላለስ ይኸው ወራት አለፉ፤ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። ትስቃለች፣ ትጫወታለች፤ ስሟን ስጠይቃት ግን መሬት መሬቱን ታያለች። ሰው ሲመጣ እንዳያስጨንቃት ብዬ «ይቺ አትናገርም» እላለሁ። አባቷን ብጠይቃቸው «እንደ እናቷ ዝምተኛ ናት» ብለው ወደ ጨርቃቸው ዞሩ። አያቷ ደግሞ ሴት ልጅ ተማሪ ቤት መሄዷን ስለማይወዱ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። መስከረም ላይ ስሟን ካልተናገረች አይቀበሏትም፤ አንዴ ከተመለሰች ደግሞ አያቷ ዳግመኛ አይልኳትም።

እርስዎ ብዙ ልጅ አሳልፈዋል። ምን ይመክሩኛል?

ልጅዎ ባንቺዓለም


ቢቸና፣ መጋቢት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ ባንቺዓለም፣ የአባቶቻችን አምላክ ሰላሙን እንደ ጠል ያውርድልሽ።

ደብዳቤሽ ጾሙ ከገባ በኋላ ደረሰኝ። «ከፊደሉ በፊት ያለውን» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩትና፣ ከ«ሀ» በፊት ደግሞ ምን አለ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ሲያልፍ ግን ነገሩ ገባኝ። ከ«ሀ» በፊት ያለው «ሀ» ብሎ የሚከፈት አፍ ነው። አፉን ያልከፈተ ልጅ እንኳን ፊደል ወተትም አይገባለት። እንግዲህ ሥራሽ ሥራ ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም።

የልጅቷን ነገር በተመለከተ፣ መጀመሪያ ጆሮዋን መርምሪ። በእኔ ደጅ አንድ ልጅ ነበር፤ ጓደኞቹ ሁሉ ድንጋይ ራስ ሲሉት ኖረዋል እንጂ ጆሮው ነበር የማይሰማው። አጠገቤ አስቀምጬ ከንፈሬን እያየ ዳዊት ደገመ። አንቺም ሳታይሽ ከኋላዋ ሆነሽ የምትወደውን ነገር ስም ጥሪ። ከዞረች ትሰማለች፤ ካልዞረች ችግሩን አገኘሽው።

የመረጥንልሽን ባል ትተሽ ስትሄጂ አልተቆጣሁም ብዬ በጾም አልዋሽም። ተቆጥቼ ነበር። አሁን ቁጣዬ ከወገቤ ጋር እየቀጠነ ነው፤ እስከ ፋሲካ የሚተርፍ አይመስለኝም።

እናትሽ ስለ እግሬ ሰው ልካብሽ ከሆነ አትመኚያት። የሽማግሌ እግር ክረምትን ቀድሞ ያውቃል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። እናትሽ ትስምሻለች። ሽሮ ልካልሻለች፤ አምጪው ሰውዬ መንገድ ላይ ካልቀነሰበት ለሁለት ወር ይበቃሻል።

አባትሽ


ሞጣ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

አባባ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሽሮው ሳይጎድል ደርሶኛል። የቁጣዎን ነገር የጻፉበትን ደብዳቤ ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አነበብኩላቸው፤ «እኒህ አባት ሳያስታርቋቸው ይታረቃሉ» አሉ።

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ልጆቹ ሸክላ ጭቃ ሲያድቦለቡሉ ከዘይዳ ኋላ ቆምኩና ለራሴ እንደማወራ ሆኜ በሹክሹክታ «ቴምር» አልኩ። ከሁሉ ቀድማ የዞረችው እሷ ናት። ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል። እንግዲህ ምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቶብኛል። ከልጆቹ አንዱ ታላቅ ወንድሙ «ተማሪ ቤት መርፌ ይወጋሉ፣ ምድር ቤት ይዘጋሉ» ብሎት ኖሮ ወሬው በክፍሉ ሞላ። ስለዚህ ሄደው በዓይናቸው እንዲያዩት አሰብኩ። አቶ ደምለውን ለመንኳቸው፤ አንድ ጠዋት ይዣቸው መጥቼ ክፍሎቹን፣ ሜዳውን፣ የውሃ ቧንቧውን እንዳሳያቸው ፈቀዱልኝ። ወላጆቹም እሺ አሉ።

እማማ ዓሊማን ለማስፈቀድ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። በር ላይ ቆመው ሰሙኝ።

«ይቺ ልጅ የእናቷ ምትክ ናት» አሉኝ።

«በእጄ ይዣት ሄጄ በእጄ ይዣት እመለሳለሁ፣ እማማ።»

«ይህን ያልሽውን አላህ ሰምቶሻል» ብለው በሩን ዘጉት። ፈቀዱልኝ ወይስ አልፈቀዱልኝም ብዬ ደጅ ላይ ትንሽ ቆምኩ። በማግሥቱ ልጅቷን ልከዋታል።

የምንሄድበትን ቀን በግንቦት አጋማሽ አድርገነዋል። በጸሎትዎ ያስቡን። እግርዎን ደግሞ በእውነት ይጻፉልኝ።

ባንቺዓለም


ሞጣ፣ ግንቦት 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ። በዚህ በኩል ሁሉ ደህና ነው፤ እርስዎና እማዬ እንዴት ናችሁ?

ጉብኝቱ እንዴት ሆነ ብለው ልከውብኛል። ሄደን ተመልሰናል። የሚጻፍ ብዙ ነገር የለውም። ክፍሉን ለጊዜው ዘግቼዋለሁ፤ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ስለጀመረ ነው። ለእኔም ትንሽ ማረፍ ይበጀኛል።

ወደዚህ ለመምጣት ማሰብዎን እማዬ አስልካብኛለች። መንገዱ ጭቃ ነው። ለጥቅምት ያድርጉት።

ወረቀት ስላለቀብኝ አሳጠርኩ፤ ይቅርታ።

ባንቺዓለም


ቢቸና፣ ሰኔ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ፣ ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም።

ትናንት የጨው ነጋዴው ሙሐመድሁሴን በየገበያው እየቆየ በጉንደ ወይን በኩል ከሞጣ መጥቶ እኛ ደጅ ውሃ ጠጣ። የመንገዱን ወሬ ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ከሞጣ ስንወጣ ከተማው ተሸብሮ ነበር፣ መሪጌታ። አንዲት የነጋዴ ልጅ፣ ሕፃን፣ ጠፍታ እስላሙም ክርስቲያኑም ፍለጋ ወጥቷል። መምህርት ነኝ የምትል ወጣት ይዛት ወጥታ ነው የጣለቻት አሉ። መምህርቷን ራሷን አይቻታለሁ፤ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ በገበያው መሀል ስትሮጥ።»

«ልጅቷ ተገኘች?» አልኩት።

«እኛ ጭነን ወጣን፤ መጨረሻውን አላየሁም።»

«መምህርቷ የእኔ ልጅ ናት» አልኩት። ውሃውን አስቀምጦ ተነሥቶ ቆመ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

እሱ ከሄደ በኋላ ያንቺን ደብዳቤ አውጥቼ መልሼ አነበብኩት። «ሄደን ተመልሰናል» ይላል። ልጄ፣ ማን ማን ነው የተመለሰው?

ለእናትሽ እስካሁን አልነገርኳትም። አንድ ነገር ሆኜ ሳለሁ ምንም እንዳልሆንኩ መስዬ ከእሷ ጋር ራት መቅረብ ከብዶኛል።

ተገኝታ እንደሆነ አንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ሌላው ይቆይ። አልተገኘችም እንደሆነ ከሞጣ እንዳትወጪ። አያቷ ደጅ ሂጂና ተቀመጪ። ቢሰድቡሽ ስሚ፣ ቢያባርሩሽ ተመለሺ። እኔም መጥቼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። «ብዬሽ ነበር» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ ለሰውም አላስወጣም።

አባትሽ


ሞጣ፣ ሰኔ 9 ቀን 1963 ዓ.ም.

አባባ፣ ተገኝታለች። በዚያው ዕለት፣ ቀትር አለፍ ሲል፣ እሾህ እንኳ ሳይወጋት ተገኝታለች።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለውን ተረጋግተው እንዲያነቡልኝ ነው። ሙሐመድሁሴን መንገዱን ትንሽ ቢያዘገየው ኖሮ ደስታውን ይዞልዎት ይመጣ ነበር፤ እርስዎም ያን ሁሉ ቀን ባልተጨነቁ። ለመደበቄ ምክንያት ብሰጥ ሰበብ ይሆንብኛል። አንዴ ካለፈ ይለፍ ብዬ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ገመድ አስይዣቸው በሰልፍ ሄድን። አንደኛ ክፍልን በመስኮት አየን፣ ቧንቧውን ከፍተን እጃችንን ታጠብን። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነበር። ወዲያው ለረፍት ተደወለ። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመቱት ድምፁ ደረት ይመታል። ከዚያ ከየክፍሉ ያ ሁሉ ተማሪ እየጮኸ ወጣ። የእኔዎቹ ገመዱን ጥለው ተበተኑ። አንዱ ቀሚሴን ያዘ፣ አንዱ ዛፍ ሥር ተደፋ። ሰብስቤ ሳያቸው ዘይዳ የለችም።

ውበቴ የምትባል ደፋር ልጅ አለችኝ። «በበሩ ወጣች፤ አይቻታለሁ» አለችኝ። አመንኳት። ሌሎቹን አብረውን ለመጡት ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አስረክቤ ወደ ገበያው ሮጥኩ። የገበያ ዕለት ነበር አባባ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያውቁታል። ከበግ ተራ እስከ እህል በረንዳ «ቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅ» እያልኩ ዞርኩ። አቶ አብዱልዋሂድ ሱቃቸውን ሳይቆልፉ ወጡ። መስጊድ የነበሩት ሰዎች ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ቄሶቹ በጉድጓዶቹ በኩል ሄዱ። ትምህርት ቤቱንማ ፈልገናል፤ ጓሮውን፣ መጸዳጃውን፣ የእንጨት ክምሩን። ክፍሎቹ ውስጥ መግባት ግን ማንም አላሰበውም። ከፈራው ነገር ሸሽቶ ወደዚያው የሚገባ ሕፃን ማን አይቷል?

እማማ ዓሊማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳልፍ ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲደክመኝ ትምህርት ቤቱ በር ተመልሼ ካቡ ሥር ተቀመጥኩ። የጠዋት ተማሪዎች ተለቀቁ። በሰልፍ ሲወጡ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ፤ ከመሀላቸው ቀይ ሻሽ አየሁ። ዘይዳ የአንዲት ከፍ ያለች ልጅ እጅ ይዛ ትመጣለች። እያወራች ነበር፣ አባባ። እጇን እያወናጨፈች፣ እየተቻኮለች ታወራለች።

«ዘይዳ» አልኩ።

አየችኝና ዝም አለች።

ከኋላዋ የአንደኛ ክፍሉ መምህር ፋንታ ደብተር ታቅፎ መጣ። በከተማው የሆነውን ምንም አልሰማም። «ያንቺ ናት?» አለኝ። «ከረፍት ሲገቡ አብራ ገብታ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ክፍሌ ውስጥ ሰባ ልጅ አለ፤ አንድ ሲጨመር በምን ልወቅ? ዝም ብትል ኖሮ አላያትም ነበር።»

«ዝም አላለችም?»

«ወተት የሚሰጥ እንስሳ ጥሩልኝ ብዬ ነበር። ላም አሉ፣ ፍየል አሉ፣ በግ አሉ፤ ከዚያ ዝም ሆነ። ይቺ እጇን አውጥታ ‹ግመል› አለች። ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ግን ልክ ናት፣ አጨብጭቡላት አልኳቸው።»

አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ለምን እንደማለቅስ ከየት ታውቃለች?

በእጄ ይዣት አያቷ ቤት ገባሁ። እማማ ዓሊማ ልጅቷን ከእጄ ተቀብለው፣ እኔን ሳያዩ ወደ ውስጥ ዘለቁ። አቶ አብዱልዋሂድ እስከ መንገድ ሸኙኝ። «ልጄ ተገኝታለች፤ እኔ ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም» አሉኝ። «የእናቴን ግን እኔ አልችልም።»

በማግሥቱ ሰሌኑን አንጥፌ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። የካህናቱም ልጆች፣ የነጋዴዎቹም። «ልጅ የምትጥል መምህርት» ተብያለሁ። ክፍሉን የዘጋሁት በዝናብ ምክንያት አይደለም።

ልጅቷ በመገኘቷ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ነው። አንድ ነገር ብቻ እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። ከማታውቃቸው ልጆች ጋር እንደ ወፍ ስታወራ ቆይታ፣ እኔን ስታይ ለምን ዝም አለች?

ባንቺዓለም


ጉንደ ወይን፣ ሰኔ 16 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ ባንቺዓለም፣ የጠፋውን የሚመልስ አምላክ ይክበር ይመስገን።

ከላይ የተጻፈውን የቦታ ስም አይተሽ አትደንግጪ። ከቢቸና ወጥቻለሁ። መልስሽን እስካገኝ መቀመጥ አልቻልኩምና ለእናትሽ እውነቱን ነግሬ በበቅሎ ተነሣሁ። እዚህ ስደርስ እግሬ አላስኬድ አለኝ። አሁን በእውነት ልንገርሽ፤ እግሬ ከጥር ጀምሮ አብጧል። ቀሲስ ገብረ ሕይወት የሚባሉ የጥንት ጓደኛዬ ቤት ተኝቼ ሳለሁ ደብዳቤሽን የያዘው መንገደኛ ለማደር እዚሁ ቤት ገባ። «ቢቸና መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስን ታውቃላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ እኔ መደቡ ላይ ነበርኩ።

ቀሲስ አነበቡልኝ፤ መነጽሬን ማግኘት አቅቶኝ ነበር። «ተገኝታለች» የሚለውን ሲያነቡ «እስቲ ይድገሙት» አልኳቸው። ደገሙት። ከዚያ ሌላውን ሳልሰማ ብዙ ቆየሁ። እናትሽ እንድትሰማ በዚያው ሰዓት ሰው ላክሁ። ግመሉ ጋ ሲደርሱ ሁለታችንም እስክንታመም ሳቅን። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሳቅሁ ዘመኔ ነው።

እንቆቅልሽ ብለሽ ስለጻፍሽው። ስለ ጆሮዋ ተሳስቼ ነበርና አሁንም ብሳሳት አትፍረጂብኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ «ሰው ሲመጣ ‹ይቺ አትናገርም› እላለሁ» ብለሽኛል። ለደግነት እንዳልሽው አውቃለሁ። ልጅ ግን የተባለውን ይሆናል። በቅኔ ቤት አንዱን ለጨዋታ «ዝምታው» ብለን ስም አውጥተንለት፣ እስኪመነኩስ ድረስ ስሙን ጠብቆ ኖሯል። ያቺ ልጅ አንደኛ ክፍል ስትገባ ‹አትናገርም› የሚለውን ስሟን የሚያውቅ ስላልነበረ ስሙን መጠበቅ አላስፈለጋትም። አንቺን ስታይ ግን ስሟ መጣ።

ወላጆቹን አትለማመጪ፣ ግን በርሽንም አትቆልፊ። ፍርሃት እንደ ደራሽ ውሃ ነው፤ ጊዜ ከሰጡት ይጎድላል። እኔ ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ ወደ ቢቸና እመለሳለሁ። የቀሲስ ባለቤት እግሬን በቅጠል እያሰሩልኝ ነው፤ እብጠቱ ቀንሷል። ይህም እውነት ነው።

አባትሽ


ሞጣ፣ መስከረም 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

አባባ፣ እንኳን ለአዲሱ ዘመንና ለመስቀሉ በዓል አደረሰዎ። በእግርዎ ቆመው ማኅሌት ማደርዎን እማዬ ስታስልክብኝ እኔም እንደዚያው ቆሜ የማድር መሰለኝ። ክረምቱን ሙሉ አጭር አጭር ወረቀት ብቻ በመላኬ ይቅር ይበሉኝ፤ መጨረሻውን ሳላይ ማውራት ፈርቼ ነው። አሁን አይቼዋለሁ።

በሐምሌ፣ ዝናብ በሚያጓራበት ቀን፣ በሬ ተንኳኳ። እማማ ዓሊማ ናቸው፤ ዘይዳን በእጃቸው ይዘዋል። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ።

«ይቺ ልጅ ቤቴን ተማሪ ቤት አድርጋብኛለች» አሉኝ። «ሌሎቹን የልጅ ልጆቼን በሰልፍ ታቆማቸዋለች። እኔን አሮጊቷን እጅሽን አውጪ ትለኛለች። ሽንት ቤት ለመሄድ ማስፈቀድ አለብኝ። ወደ ቦታዋ መልሺልኝ።»

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ትናገራለች እንዴ?»

ደንግጠው አዩኝ። «መቼ ዝም ብላ ታውቃለች?»

ሁለታችን ቀድመን ብንነጋገር ኖሮ ይህን ባወቅነው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «አትናገርም» የሚለውን ቃል ከአፌ አጠፋሁት። ሰው ሲመጣ «ይቺ ዘይዳ ናት» ብቻ እላለሁ። ተናገረች ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እኔ ፊት ክረምቱን ሙሉ ዝም አለች።

እማማ ዓሊማ መመለሳቸው ሲታይ ሌሎቹም መጡ። መጀመሪያ የመስጊዱ ሰፈር ልጆች፣ ቀጥሎ የካህናቱ። የውበቴ እናት «እሳቸው ካመኑሽ እኛ ምን ቀረን» ብላ ሰሌን ጨምራ አመጣችልኝ። ነሐሴን ቸርኬውን የምትመስል አሮጌ ድስት ሰቅለን እየደወልን ተለማመድን። መጀመሪያ ጆሯቸውን ይይዙ ነበር፤ ኋላ ደዋይ ለመሆን ይጣላሉ።

ምዝገባ መስከረም ላይ ሆነ። አብዛኞቹ ጆሯቸውን ነክተው፣ ስማቸውን ተናግረው አለፉ። የዘይዳ ተራ ሲደርስ እጇን በአናቷ ላይ አሳለፈች። ተንጠራራች፤ ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ቀረ።

«ለከርሞ ትምጣ» አሉ አቶ ደምለው።

እማማ ዓሊማ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ለከርሞ እኔ ከአላህ ጋር ቃል የለኝም። ዛሬ ነው ያመጣኋት።»

መምህር ፋንታ ከጥግ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ይቺን ልጅ አውቃታለሁ። በግንቦት ከእኔ ዘንድ ተምራለች።»

አቶ ደምለው ነገሩን ከሰሙ በኋላ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ያዙ። «እሺ፣ ስሟን ትንገረኝ» አሉ።

ዘይዳ መሬት መሬቱን አየች። ከተሰለፉት ወላጆች አንዱ «ይቺ እኮ...» ብሎ ሲጀምር እማማ ዓሊማ በዓይናቸው አስቆሙት። እኔ ደግሞ የርስዎ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ካለሁ ያ ስሟ አብሮኝ አለ። እማማን በክንዳቸው ይዤ «ውጭ እንጠብቅ» አልኳቸው። «ብቻዋን?» አሉኝ። «ብቻዋን» አልኩ። ወጣን፣ በሩንም ዘጋሁት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ያን ዕለት» አሉ እማማ ዓሊማ፣ «በደጄ ስትሮጪ አይቼሽ ነበር። እናቷ እንዲያ የምትሮጥላት መሰለኝ። ያን ላልነግርሽ ብዬ ነው ልጅቷን ስታመጪልኝ ፊቴን የመለስኩት።»

እጃቸውን ያዝኩ።

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። በሩ ተከፈተና ዘይዳ የምዝገባ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። መምህር ፋንታ ተከትሏት ወጣ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል ከሳቅ ብዛት። «ስሟንም፣ የአባቷንም፣ የአያቷንም ስም ነገረችን» አለ። «ከዚያ አቶ ደምለውን ‹ያንተስ ስም ማን ነው?› አለቻቸው። ተነሥተው ሙሉ ስማቸውን ነገሯት።»

እማማ ዓሊማ ልጅቷን አቅፈው እልል አሉ። እኔም አብሬያቸው እልል አልኩ።

ትምህርት ከተጀመረ እነሆ ሰነበተ። ከእኔ ዘንድ ከሄዱት አንድም የቀረ የለም። ውበቴ፣ ደፋሯ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ታለቅሳለች፤ አልቅሳ ግን ትገባለች። ዘይዳ ስትመለስ በእኔ ደጅ ታልፋለች። ትናንት ቆመችና የዕለቱን ትምህርት ከሞላ ጎደል ነገረችኝ። መጀመሪያ በመደነቅ፣ ኋላ በድካም ሰማኋት፤ ድስቱ አረረብኝ።

የጥቅምቱን ጉዞ አይተዉት። መንገዱ ደርቋል፤ እማማ ዓሊማም «የመምህርቷ አባት ይምጡና እኔ ዘንድ ማር ይቅመሱ» ብለዋል። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ደግሞ «ጾም ከሆነ እኔ ዘንድ ነው የሚያርፉት» ብለው ከአሁኑ እየተከራከሯቸው ነው።

ብዙ የምጽፍልዎ ነበረኝ፤ ግን ዛሬ አዲሶቹ ልጆች የሚገቡበት ቀን ነው። አንዱ የእናቱን ነጠላ በጥርሱ ነክሶ በሬ ላይ ቆሟል፤ እናቱ አፍራ ልትመልሰው ነው። ይግባ ልበላት።

ባንቺዓለም